በኮሮና ዘመን እንትፍ ብዬ የመረቅኳት በረኛ

ከዚያ ቅዳሜ በፊት እኔ ማን እንደነበርኩ ሳታውቁ የሆነውን ብነግራችሁ ነገሩ ቀልሎ ይታያችኋል። ስለዚህ ቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። መኩሪያ እባላለሁ። ስሙን ያወጡልኝ አባቴ አርቀው የሚያዩ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። መሳለሚያ ሳለሁ ማንም ሳያሳየኝ ሬዲዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ የበለጠ ጮኸ። በስደት ካርቱም ስቆይ የቤት ማራገቢያ መጠገን ቻልኩ። ሜልበርን ገብቼ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፎርክሊፍት ስነዳ አንድም ካርቶን አልጣልኩም። ጥሏል የሚል ሰው ካለ፣ ካርቶኑን አጣሞ የደረደረው እርሱ ራሱ ነው።

እንግሊዝኛም የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት ነው። ከኤ ጀምሬ በቀን አሥር አሥር ቃል እያጠናሁ ኤም ላይ ስደርስ ባለቤቴ ወርቅነሽ መጽሐፉን ወስዳ የሚነቃነቀውን የምግብ ጠረጴዛ እግር ደገፈችበት። ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም፤ የእኔም እንግሊዝኛ ከኤም አላለፈም። ጉዳቱ የታወቀኝ ኮሮና ሲመጣ ነው። ሎክዳውንንና ማስክን አውቃቸው ነበር። ፓንደሚክ፣ ኳራንቲን፣ ቫይረስና ቫክሲን ግን ሁሉም ከኤም ወዲያ ማዶ ያሉ ቃላት ናቸው።

እግር ኳስንም እንዲሁ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከቴሌቪዥን ነው የተማርኩት። በእግሬ አልተጫወትኩም፤ ጭንቅላት ላለው ሰው እግር ትርፍ ነው። ሜዳ ዳር ቆሜ የሰጠሁት ምክር ቢጻፍ ሦስት ደብተር ይሞላል። በእርግጥም ጽፌው ሦስት ደብተር ሞልቷል።

ሐና የልጄ ልጅ ናት። ያራቪል በሚባለው ሰፈር ከእኔና ከወርቄ ጋር ትኖራለች። ያኔ ነርስነት የምትማርበት ኮሌጅ ውስጥ ሦስተኛና የመጨረሻ ዓመቷን ይዛ ነበር። የኮሌጁ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛም ናት። በረኛ ናት ስል ደግሞ እንዲህ ነው። በአንደኛው ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ከረመች። በሁለተኛው ዓመት ቦታው የእርሷ ሲሆን ኮሮና መጣና ውድድሩ ሳይጀመር ተሰረዘ። በሦስተኛው ዓመት ተጀመረ ተባለ። የመጀመሪያው ጨዋታ እረፍት ላይ ሳለ ከተጋጣሚዎቹ አንዷ ከታማሚ ጋር መገናኘቷን የሚገልጽ መልእክት ደረሳትና ጨዋታው ተቋረጠ። በዚያው ሳምንት ከተማው ተዘጋ። ስለዚህ ሐና በሦስት ዓመት ውስጥ የቆመችው አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከተማው ሲከፈት ሌላ ችግር መጣ። አሠልጣኙ እናቱን ሊጠይቅ ክዊንስላንድ ሄዶ ሳለ የክፍለ ሀገሩ ድንበር ተዘግቶበት እዚያው ቀረ። የኮሌጁ ስፖርት ቢሮ ደብዳቤ ጻፈ፦ ቡድኑ የኮሮናን ደንብ የሚያስከብር ኃላፊ ካላገኘና ቅዳሜ ጠዋት ልምምዱ ላይ በሚደረገው ቁጥጥር ካላለፈ፣ ከቀሪው ውድድር ስሙ ይሰረዛል።

ሐና ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ብድግ አልኩ።

«እኔ አለሁ» አልኳት።

«አባባ፣ ኖ» አለችኝ። «ፕሊስ፣ ኖ።»

«ሌላ ሰው አላችሁ?»

ዝም አለች። የኔ ሹመት የጸደቀው በዚያ ዝምታ ነው።

ኃላፊ ለመሆን በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርትና ፈተና አለ። በመጀመሪያ ሙከራ አለፍኩ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ መለማመጃ ናቸው። የምስክር ወረቀቱን አሳትሜ፣ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት።

«ከሰርጋችን ፎቶ በላይ?» አለች ወርቄ።

«ምስማሩ እዚያ ነበር።»

«ምስማሩን የመታኸው ዛሬ ጠዋት ነው።»

ሳምንቱን በሙሉ ሠራሁ። ሃያ ሦስት ነጥብ ያለውን ደንብ አሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ርቀት ለመለካት ቤተ ክርስቲያን የምይዘውን መቋሚያዬን ለካሁት፤ ሜትር ከሠላሳ ሆነ። ጫፉ ላይ የመጥረጊያ እጀታ ቁራጭ በፕላስተር አስሬ ልክ ሜትር ተኩል አደረስኩት። ብርቱካንማ ሰደርያዬን ከመጋዘን ዘመኔ ዕቃ አወጣሁ። ትንሽ ጠቦኛል፤ ጨርቅ ሲቆይ ይኮማተራል።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ሰኔ የሜልበርን ክረምት ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። በሩ ላይ በስልካቸው ቼክ ኢን አስደርጌ መግባታቸውን አስመዘገብኳቸው፣ እጃቸውን በሳኒታይዘር አስታሸኋቸው፣ የየራሳቸውን የውሃ ጠርሙስ አስያዝኳቸው። የቡድኑ አምበል አኮል የምትባል ረጅም የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት። ወደ ሐና ጠጋ ስትል መቋሚያውን በመሃላቸው ዘረጋሁ።

«ኮች፣ ይሄ ነገር ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ሙሴ ይመለሳል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ባሕር እስክትሻገሪ ከእኔ ጋር ነው» አልኳት።

በሦስት ሰዓት ተኩል ተቆጣጣሪዋ መጣች። ሼረል ትባላለች፤ ከስልሳ የማታንስ፣ ፀጉሯ አጭር፣ ወረቀት የሚይዝ ሰሌዳ ደረቷ ላይ የለጠፈች ሴትዮ። ሰላምታ ስሰጣት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ከወገቤ ጎንበስ አልኩ፤ አልነካኋትም። ምልክት አደረገች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረች። ኳሶቹ በየልምምዱ መሃል ይታጠባሉ? ይታጠባሉ። ምልክት። የልጆቹ ቦርሳ ተራርቋል? በመቋሚያ ተለክቷል። ምልክት። የሚያስነጥስ ሰው ቢገኝ? አንዷ ልጅ አስነጥሳ የአበባ ብናኝ ነው ብትለኝም ወደ ቤቷ እንደላክኋት ነገርኳት።

«በክረምት የአበባ ብናኝ?» አለች።

«እኔም ያልኳት ይሄንኑ ነው።»

ምልክት። በሰሌዳው ጠርዝ አጮልቄ ሳይ ሃያ ሁለቱ ሞልተዋል። የቀረው ፊርማ ያለበት ሃያ ሦስተኛው ነው። ብዕሯ ወረቀቱን ሊነካ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን በጥሞና አንብቡ፤ ሁሉም የሆነው በአራት ሴኮንድ ውስጥ ነው።

ሐና ከሜዳ ወጥታ በአጠገቤ ልታልፍ ነበር። ልቧ ተሰቅሏል፤ ዓይኗ ከሼረል ብዕር ላይ አይነሳም። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልቧ በፈራ ቁጥር፣ ፈተና ቢሆን፣ የመንጃ ፈቃድ ቢሆን፣ መጥታ አንገቷን ደፋ ታደርግልኛለች። እኔም እመርቃታለሁ። እና መጥታ አንገቷን ደፋች። ምንም አላለችም። ልማድ ነው።

የእኔም እጅ በልማድ ወደ ማስኬ ሄደ። አወረድኩት። እጄን አናቷ ላይ ጫንኩ።

«እጅሽ እንደ ሙጫ ይያዝ! ኳስ ይውደድሽ! የአጥቂው እግር ይተሳሰር! ከክፉ ይሰውርሽ! እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!»

እርሷ «አሜን» አለች። ከኋላዋ ደግሞ ሌሎች ሁለት የሐበሻ ልጆች፣ ምርቃት ሲሰጥ ማለፍ ነውር ነውና፣ አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል።

የሼረል ብዕር ባለበት ቆመ።

«ይህ ሰው» አለች ሼረል ቀስ ብላ፣ «አሁን በረኛዋ ላይ ተፋ?»

«የለም የለም» አልኩ። «ምርቃት ነው። ምራቅ የለውም። ደረቅ ነው።»

«ሰማሁት እኮ።»

«ድምፁ ብቻ ነው! ይኸው እዪ፦ እንትፍ!»

ወደ ባዶው አየር ነበር ያልኩት። ያ የሜልበርን ንፋስ ግን ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሼረል ሰሌዳዋን አየች። በእጅጌዋ ጠረገችው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ መቋሚያ አላስፈለጋትም።

«ጥሩ ሰው እንደሆንክ ይታየኛል» አለችኝ። «ግን እንዲህ ባለ ነገር ላይ መፈረም አልችልም። አንተና ልጅቷ አሁኑኑ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ውጤት እስኪመጣ ከቤት አትውጡ። እኔ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሪፖርት አደርጋለሁ። አሁን ባለበት ሁኔታ ቡድኑ አልፏል ብዬ አልጽፍም።»

ብዕሯን ኪሷ ከተተችው። አኮል ኳሱን አንስታ በብብቷ ያዘችና መሬት መሬት አየች። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መመርመሪያው ሰንሻይን አካባቢ ነበር፤ ከመኪና ሳይወርዱ የሚመረመሩበት። ሰልፉ ሦስት መንገድ ይዞራል። ሐና ከኋላ ተቀምጣለች፤ አራቱም መስኮት ተከፍቷል፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አልተናገረችም። እኔ ዝምታ አይስማማኝም።

«አንገትሽን የደፋሽው እኮ አንቺ ነሽ» አልኳት በመስታወቱ እያየኋት።

«ልማድ ነው! አንገቴ ራሱ ነው የደፋው!»

«የእኔም አፍ ራሱ ነው።»

«አንተ ኮቪድ ኦፊሰር ነህ አባባ! ፍሬም አድርገህ ሰቅለኸዋል!»

ወሬውን ላስቀይር ጀመርኩ። «ያችን ሴትዮ እኔ በአንድ ስልክ…»

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ግን አታቋርጠኝ።»

«መቼ አቋርጬሽ…»

«አሁን።»

መኪናዎቹ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፤ እኛም ሄድን።

«አምና ዓመቱን ሙሉ ፍራሼን መሬት ላይ አንጥፌ እየዘለልኩ ስወድቅ ነበር» አለች። «ከእኛ በታች የሚኖሩት ሰውዬ ጣራቸውን በመጥረጊያ ሲመቱ አንተ ወርደህ ተጣልተህልኛል። ለምን እንደምወድቅ ግን አልጠየቅከኝም። እኔ እኮ ጎበዝ መሆኔን አላውቅም። አንድም ሙሉ ጨዋታ ስላልተጫወትኩ አላውቅም። ጎበዝ ካልሆንኩም ማወቅ ፈልጌ ነበር። አንተ ሳትሞክረው ጎበዝ እንደሆንክ ታውቃለህ። እኔ እንደዛ አይደለሁም። ዘንድሮ ካልተጫወትኩ፣ በቃ፣ ሳላውቀው ይቀራል።»

ሬዲዮ ብትሆን ፈትቼ እገጥማት ነበር። መሪውን ይዤ ከፊቴ የቆመውን የነጭ መኪና ታርጋ ደጋግሜ አነበብኩ። ከዚያ ተራችን እስኪደርስ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ አፌን አልከፈትኩም።

ተራችን ሲደርስ ከእግር እስከ ራሷ በፕላስቲክ የተሸፈነች ነርስ መጣች። ያን ጫፉ ጥጥ የሆነ ቀጭን ዘንግ አፍንጫዬ ውስጥ ከተተችው። እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩትን ሁሉ ነካችው መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግን ልጅቱ እጇ ለስላሳ ነበር፤ በዚያ ብርድ ስንት ሰው ስታስተናግድ ውላለች።

«ተባረኪ ልጄ» አልኳት በአማርኛ። «እጅሽ አይድከም፣ ከክፉ…»

ከንፈሬ ተሰበሰበ። ከኋላ ወንበር እጅ ተወርውሮ አፌን ግጥም አድርጎ ያዘ። በረኛ ማለት እንደዚያ ነው፤ አጥቂው ሳይመታ አነበበችኝ።

«ዶንት!» አለች ሐና።

ነርሷ ግራ ገብቷት ቆመች። ሐና እጇን ከአፌ ሳታነሳ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ የምታለቅስ መሰለኝ፤ በመስታወቱ ሳያት ትስቃለች። እኔም በእጇ ውስጥ ሳቅኩ። እየሳቅን ያራቪል ገባን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መልእክት መጣ፤ ሁለታችንም ነፃ ነን። ደስ አለን፤ ደስታው ግን ከሻይ አልዘለለም። ነፃ መሆናችን ፊርማውን አይመልስም። ለሼረል ምን እንደምላት ከራሴ ጋር ስሟገት ወርቄ የበሩን እጀታ ሁሉ በሚረጭ ሳኒታይዘር እየረጨች ወደ እኔ ደረሰች።

«ከእንግዲህ ምርቃት አቆማለሁ ልበላት?» አልኳት።

«ልጅቷ ሳትመረቅ በር ላይ ትቁም? አበድክ?» አለች። «አንተ ሰው፣ እንትፍ የግድ ከአፍ መውጣት አለበት?» ጠርሙሱን ወደ እጄ አዞረችና ረጨችው። ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ። «ይኸው! እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ!»

እንግዲህ ይህን ሐሳብ እኔ ነኝ ያመጣሁት ስል ኖሬያለሁ። ለዚህ ጽሑፍ ስል እውነቱን ጻፍኩ፤ ወርቄ ማንበቧ አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት ሼረልን በቪዲዮ ደወልንላት። የማውቃቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በሙሉ፣ እስከ ኤም ያሉትን፣ አሰለፍኩ። ቀጥሎ ማስኬን እስከ ዓይኔ ሥር ስቤ፣ መቋሚያዬን በእኔና በሐና መሃል ዘርግቼ፣ እጄን በአየር ላይ አንስቼ መረቅኋት። መጨረሻ ላይ ሐና መዳፏን ዘረጋች፤ እኔ በአንድ እጄ መቋሚያ፣ በሌላው ጠርሙስ ይዤ ሦስት ጊዜ ረጨሁ።

ሼረል ስክሪኑ ላይ ሳትንቀሳቀስ ቀረች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ይህ ነገር» አለች በመጨረሻ፣ «ይሠራል?»

ድሮ ብሆን ምን እንደምል ታውቁታላችሁ። ሳይሠራ የቀረው መቼ ነው እል ነበር። ግን ከጎኔ ሐና ቆማለች፣ ያ ነጭ መኪናም ታርጋው ገና ዓይኔ ላይ ነው።

«ለፈተና ሠርቷል» አልኳት። «ለኳስ አላውቅም። እርሷም አታውቅም። ለማወቅ ነው ውድድሩ ያስፈለገን።»

አላውቅም ስል ወርቄ ከማእድ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ሕመም የጀመረኝ መስሏት ነው።

«ሃያ አራተኛ ነጥብ አድርገህ በጽሑፍ ላክልኝ» አለች ሼረል። «ማስኩ ከአፍንጫ በላይ ይሁን። ሰሌዳዬንም አንተ ታጥበዋለህ።»

ቅዳሜ ተጫወቱ። ሼረል ራሷ መጥታ ሜዳው ዳር ቆመች። ከጨዋታው በፊት አሥራ አንዱም ልጆች በሜትር ተኩል ተራርቀው እጃቸውን ዘረጉ፤ አኮል ከሁሉ ቀድማ ነበር። ሁሉንም መርቄ ሁሉንም ረጨሁ። ዘወር ስል ሼረል ሰሌዳዋን በብብቷ ይዛ፣ ሌላ ቦታ የምታይ መስላ፣ አንድ መዳፏን ዘርግታለች። ለእርሷም ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ።

ሐና ላይ አራት ገባባት። ዘጠኝ አዳነች፤ ከዘጠኙ አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ዘጠኙ የምርቃቱ ውጤት ናቸው፤ አራቱ ከንፋሱ አቅጣጫ የመጡ ናቸው። አራት ለሁለት ተሸነፍን። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሐና ጭቃው ውስጥ በጀርባዋ ተጋደመች። ወደ እርሷ ሄድኩና ሜትር ተኩል ላይ ቆምኩ።

«እህስ?» አልኳት።

«አባባ» አለች ሰማዩን እያየች፣ «ጎበዝ ነኝ። በጣም አይደለም። ግን ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ጨዋታ ተጫወቱ፣ አንዱን አሸነፉ፣ ከተማው እንደገና ተዘጋ፣ ውድድሩም በዚያው ተሰረዘ። ሐና ተመርቃ ነርስ ሆነች። ዘንድሮ የጉንፋን ክትባት የወጋችኝ እርሷ ናት። ክንዴን በአልኮል ጥጥ ሦስት ጊዜ ጠርጋ መርፌውን ከማስገባቷ በፊት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ የኮሌጁ ትምህርት ውስጥ ያለ ነገር አይመስለኝም።

እናንተ የምታነቡኝ ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ራሳችሁን ያስተማራችሁ ናችሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው አስተማሪውን ስለሚወድ «ተሳስተሃል» የሚለው አያገኝም። ለእኔ ያን ያለችኝ መስኮቱ በተከፈተ መኪና ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ ናት። እናንተም ልጆቻችሁን ስትመርቁ መጀመሪያ ምን እንደፈሩ ጠይቁ። ምርቃቱ አይበላሽም፤ ይቆያል።

እንግዲህ በእነዚያ ሳምንታት የፈጸምኩትን ልዘርዝር፤ እኔ ካልዘረዘርኩት ማን ይዘረዝረዋል? የኮሮና ኃላፊ ሆኜ በመጀመሪያው፣ እሺ በሦስተኛው፣ ሙከራ አልፌያለሁ። መቋሚያን ወደ ሜትር ተኩል አስረዝሜያለሁ። በኮሌጁ ደንብ ላይ ሃያ አራተኛ ነጥብ አስጨምሬያለሁ፤ እስከማውቀው በዚህ አገር ምርቃት የገባበት ደንብ እርሱ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ተጫዋችና አንዲት ተቆጣጣሪ በሳኒታይዘር መርቄያለሁ። አንድ ሰሌዳ አጥቤያለሁ። ለአንዲት በረኛ ሦስት ሙሉ ጨዋታ አስገኝቻለሁ፤ ወርቄ ረድታኛለች። በእንግሊዝኛ «አላውቅም» ብያለሁ። ሰንሻይን ውስጥ፣ በብርድ፣ በሰልፍ ላይ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ይህን የመጨረሻውን ወርቄ እስከ ዛሬ አላመነችም፤ ሐና ግን ምስክሬ ናት።